ፎቶግራፍ የሚያነሡ እናቶች፤ በኒው ዮርክ ከተማ ያየነው ትምህርት

ሰው ካገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድማ መንገዱን የምትጀምረው ፎቶግራፉ ናት። እርሱ ገና በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ፎቶግራፉ ባሕር ተሻግራ በማያውቀው ሹም ፊት ትቆማለች፤ ሹሙም እርስዋን ተመልክቶ ይግባ ወይም ይቅር ይላል። ባገራችን ዲቪ የሚባለውን የአሜሪካ ዕጣ ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን በሚገባ ያውቃል። ከ2003 ጀምሮ ዕጣው በኮምፒዩተር ብቻ እንዲሞላ በተደረገ ጊዜ፥ ፎቶግራፉ ከታዘዘው ልክ የወጣ ወይም በፊቱ ላይ ጥላ የወደቀበት ሰው ተስፋው በዚያው ቀርቶበታል። ስለዚህ ለብዙ ሰው፥ ይልቁንም ለእናቶች፥ ፎቶግራፍ ማለት በሌላ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ መታየት ሆኖ ኖረ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ ወደ ኒው ዮርክ ሄደን በሰነበትንበት ጊዜ ግን ይህ ነገር ተገልብጦ አየነው። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፥ ዕድሜያቸውም የገፋ መጻተኞች እናቶች ራሳቸው የፎቶግራፉን መሣሪያ ይዘው በእርሱ የዜግነትን ትምህርት ሲማሩ አገኘናቸው። ነገሩ የቤተ ሰብን ኑሮ የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው፥ ያየነውን በተራው ለአንባቢዎቻችን ልናወራ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚነበቡት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የሄድነው ኤሊስ ወደምትባለው ደሴት ነው። በማንሃታን ጫፍ ላይ ባትሪ ከሚባለው መናፈሻ በመርከብ ተሳፍረን፥ በ1886 የተመረቀው የነጻነት ሐውልት ካለባት ደሴት ደረስን፤ ከዚያም ጥቂት እንደ ተጓዝን ከቀይ ጡብና ከነጭ ድንጋይ የተሠራው፥ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያለው ትልቁ ሕንጻ ታየን። አስቀድሞ በዚያ የነበረው የእንጨት ቤት በ1897 ተቃጥሎ ነበርና ይህኛው የተከፈተው በ1900 ነው። ደሴቲቱ ከጃንዩዌሪ 1 ቀን 1892 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 1954 ድረስ የመጻተኞች መቀበያ ሆና ስታገለግል፥ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በርስዋ በኩል ወደ አሜሪካ ገብቶአል። ከ1990 ወዲህ ሕንጻው ቤተ መዘክር ሆኖ ለተመልካች ክፍት ነው።

በመርከብ ላይ በአንደኛና በሁለተኛ ማዕርግ ተሳፍሮ የመጣ ሰው በዚያው በመርከቡ ታይቶ ያልፍ ነበር። በታችኛው ማዕርግ የመጣው ድኻ ግን ወደዚህች ደሴት ይወሰዳል። ዕቃውን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ ሐኪሞች ከላይ ቆመው ማን እንደሚያነክስ፥ ማን ትንፋሹ እንደሚያጥር ይመለከቱ ነበር፤ የተጠረጠረውንም ሰው በልብሱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጽፉበት ነበር። ሴት ብቻዋን የመጣች እንደ ሆነች ባልዋ ወይም ዘመድዋ መጥቶ እስኪረከባት ድረስ ከደሴቲቱ አትወጣም ነበር። እኛም በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ በእንጨቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ይህን ስናስብ፥ ስንት እናት ልጅዋን በጉልበትዋ አስቀምጣ የስምዋን መጠራት በዚህ ቦታ ጠብቃ ይሆን እያልን ልባችን ተነካ።

ከፎቶግራፎቹ ሁሉ ይልቅ ቆመን እንድንቀር ያደረጉን ያንድ ጸሐፊ ሥራዎች ናቸው። ስሙ አውገስተስ ሸርማን ይባላል። ከ1892 ጀምሮ በዚያች ደሴት በመዝገብ ሥራ ያገለገለ ሰው ሲሆን፥ ከ1905 እስከ 1920 ባለው ዘመን በትርፍ ጊዜው ከ200 የሚበልጡ ፎቶግራፎች አንሥቶአል። ብዙውን ጊዜ ያነሣ የነበረው ጉዳያቸው ሳይፈጸምላቸው በደሴቲቱ እንዲቆዩ የተደረጉትን ሰዎች ነው። እነርሱም ያገራቸውን የክብር ልብስ ለብሰው ቀጥ ብለው ቆመዋል። በ1911 ከጓድሉፕ ደሴት የመጡ ሴቶች ጥምጥማቸውን አሳምረው ቆመው ይታያሉ፤ የስሎቫክ ሴቶች በራስ መሸፈኛቸው፥ የሮማንያ እረኛም በበግ ለምዱ ይታያል። ፎቶግራፎቹ እጅግ ያማሩ ናቸው። ነገር ግን ከብዙዎቹ ሥር የተጻፈው የወገናቸው ስም ብቻ ነው፤ የሴቲቱ የገዛ ስምዋ፥ ስለ ምን እንደ መጣችና ምን እንደ ፈራች አልተጻፈም።

እኛም በመዝገብ ሥራ የምንኖር ስለ ሆንን ሸርማንን ለመውቀስ አልቸኮልንም። ጸሐፊ የሚጽፈው መሥሪያ ቤቱ የጠየቀውን ነው፤ ባለ ጉዳዩ ሊናገር የፈለገውን ሁሉ ልጻፍ ቢል ቀኑ አይበቃውም። ስንቱን ሰው በአንድ መሥመር ጽፈን እንዳሳለፍነው ባሰብን ጊዜ ግን የሴቶቹ ዓይን ወደ እኛ የሚመለከት መሰለን።

በዚያው ዘመን ሌላ ሰው ወደ ደሴቲቱ ይመላለስ ነበር። እርሱም ሉዊስ ሃይን የሚባል የኒው ዮርክ አስተማሪ ነው። የትምህርት ቤቱ አለቃ፥ ተማሪዎቹ በዘመናቸው የሚመጡትን መጻተኞች በጥንት ዘመን በፕሊመዝ የወረዱትን አባቶቻቸውን በሚያከብሩበት ዓይን እንዲያዩ ስለ ወደደ፥ የፎቶግራፍ መሣሪያ ሰጠው። ሃይንም ከ1904 ጀምሮ ያን ከባድ መሣሪያና እንደ መብረቅ የሚያበራውን ዱቄት ተሸክሞ፥ ቋንቋቸውን ስለማያውቅ በእጁ ምልክት እየለመነ ያነሣቸው ነበር። በ1905 ያነሣት፥ ሕፃንዋን ታቅፋ የተቀመጠች አንዲት እናት እስከ ዛሬ ድረስ ስምዋ ሳይታወቅ መልክዋ በዓለም ታውቆ ይኖራል። እንግዲህ ፎቶግራፍ ለዜግነት ትምህርት ማገልገል ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሚማሩት ያገሩ ልጆች ነበሩ፥ እናቲቱም ለእነርሱ መማሪያ ሆነች እንጂ ተማሪ አልነበረችም።

እናቲቱ ስለ ምን አልተማረችም የሚል ሰው ቢኖር ሕጉን መመልከት ይበቃዋል። በ1855 በአሜሪካ በወጣው ሕግ የሴት ዜግነት ባልዋን የሚከተል ነበር፤ ባልዋ ዜጋ የሆነ እንደ ሆነ እርስዋም ሳትማርና ሳትጠየቅ ዜጋ ትሆናለች። በ1907 በወጣው ሕግ ደግሞ ያገሩ ተወላጅ ሴት የውጭ አገር ሰው ያገባች እንደ ሆነ ዜግነትዋን ታጣ ነበር። ይህ አሳብ የአሜሪካ ብቻ አልነበረም፤ በ1930 ባገራችን የወጣው የዜግነት ሕግም ኢትዮጵያዊ ያገባችውን የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ብቻ ኢትዮጵያዊት ያደርጋት ነበር፤ ይህም ሕግ በ2003 በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ ጸንቶ ኖሮአል። በአሜሪካ በ1920 ሴቶች በሕገ መንግሥቱ የመምረጥ መብት ካገኙ በኋላ፥ በ1922 ኬብል የተባለው ሕግ ወጣና ያገባች መጻተኛ ሴት በገዛ ራስዋ ተፈትና በገዛ ራስዋ እንድትምል ተወሰነ። እናቶችን በየቤታቸው ሄዶ ማስተማር በካሊፎርንያ በ1915 በሕግ ተጀምሮ ነበርና፥ ከ1922 ወዲህ ይህ ትምህርት የግድ ሆነ። ከጁላይ 1 ቀን 1929 ጀምሮም የዜግነት አመልካች ሁሉ ፎቶግራፉን እንዲያያይዝ ታዘዘ። እንዲህ ሆኖ የሴቲቱ ስምና መልክዋ ባንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

ይህን ሁሉ በደሴቲቱ ካየን በኋላ፥ ዛሬ የሚመጡት እናቶች እንዴት እንደሚማሩ ለማየት በማግሥቱ ወደ ኩዊንስ ሄድን። ከማንሃታን ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄደው 7 ቁጥር የሚባለው ባቡር ወንዙን በምድር ውስጥ ተሻግሮ ሲወጣ፥ በብረት ዓምድ ላይ በተዘረጋ ድልድይ ከቤቶቹ ጣራ ጋራ ትክክል ሆኖ ይሮጣል። ከድልድዩ በታች ባለው የሩዝቬልት መንገድ የሱቁ ጽሑፍ አንዱ በስፓንኛ፥ አንዱ በቤንጋልኛ፥ አንዱ በቲቤት ፊደል ነው። ባቡሩ በላይ ሲያልፍ ከበታቹ የሚነጋገሩ ሰዎች ቃላቸውን ያቋርጡና ካለፈ በኋላ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

የምናውቀው ያገራችን ሰው ይዞን የሄደው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወዳለች አንዲት ክፍል ነው። አሥራ አንድ ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ከባንግላዴሽ፥ ከኤኳዶር፥ ከኔፓል፥ ከግብጽ የመጡ ናቸው፤ አንዲት እናትም ያገራችን ሰው ናቸው። በግድግዳው ላይ የዜግነቱ ፈተና ጥያቄዎች ተለጥፈዋል። በ2008 የወጣው ፈተና 100 ጥያቄዎች ነበሩት፤ ከእነርሱ 10 ተጠይቆ 6 የመለሰ ያልፍ ነበር። በ2025 የወጣው ግን 128 ጥያቄዎች አሉት፤ ከእነርሱ እስከ 20 ይጠየቃል፥ 12 የመለሰ ያልፋል። ይህም በቃል ነው። ከዚህ በላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያስፈልጋል። በአገሩ ረጅም ዘመን ለኖሩ ሽማግሌዎች ባፋቸው ቋንቋ እንዲፈተኑ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ከመጣች ጥቂት ዓመት የሆናት እናት ግን ዕድሜዋ ስልሳ ቢያልፍም የግድ በእንግሊዝኛ ትፈተናለች።

አስተማሪዪቱ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሥርዓትዋ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ አንድ ነገር ትሰጣቸዋለች፤ «ሕግ የምታዩበትን ቦታ፥» ወይም «መንግሥት ለእናንተ ምን እንደ ሆነ በፎቶግራፍ አምጡ» ትላቸዋለች። ሴቶቹም በስልካቸው አንሥተው ይመጣሉ፤ ስልክ የሌላት ትዋሳለች። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉ በግድግዳ ላይ ይታይና አምስት ጥያቄ ይጠየቅበታል። በዚህ ምን ይታያል? በእውነት የሚሆነው ነገር ምንድር ነው? ይህ ከእኛ ኑሮ ጋራ ምን ያገናኘዋል? ስለ ምን እንዲህ ሆነ? እኛስ ምን ልናደርግ እንችላለን? ባለ ፎቶግራፍዋ በምታውቀው ጥቂት እንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ የጎደላትን ቃል አስተማሪዪቱ ትሰጣታለች። እንዲህ እየተደረገ ቃሉ፥ ነገሩና ሕጉ አንድ ላይ ይያዛሉ።

ይህ ሥርዓት የአስተማሪዪቱ ፈጠራ አይደለም፤ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1963 በብራዚል አገር፥ አንጊኮስ በምትባል ከተማ፥ ፓውሎ ፍሬሬ የሚባለው አስተማሪ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ማንበብ ያስተማራቸው አስቀድሞ የኑሮአቸውን ሥዕል በግድግዳ ላይ እያሳየ በማነጋገር ነበር። በ1973 ደግሞ በፔሩ አገር በተደረገ የመሠረተ ትምህርት ሥራ፥ አስተማሪዎቹ በቃል ይጠይቁና ተማሪዎቹ በፎቶግራፍ ይመልሱ ነበር። መበዝበዝ ምንድር ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ አንድ ልጅ በግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር አንሥቶ አመጣ። አዋቂዎቹ አልገባቸውም፤ ልጆቹ ግን ሁሉም ገባቸው። በዚያ ሠፈር ጫማ ጠርገው የሚያድሩ ልጆች ቤታቸው ከከተማው የራቀ ስለ ሆነ፥ ሣጥናቸውን በሌሊት የሚሰቅሉበትን ምስማር ከባለ ሱቅ ይከራዩ ነበርና ነው። ይህን ታሪክ የጻፈው አውጉስቶ ቦአል የተባለው የብራዚል ሰው ነው።

ከዚያም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቻይና አገር፥ ዩናን በምትባለው አውራጃ፥ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ለ62 ገበሬ ሴቶች የፎቶግራፍ መሣሪያ ሰጡ። ሴቶቹ ያነሡት ፎቶግራፍ እናቶች በእርሻ ሲውሉ ሕፃናት ያለ ጠባቂ መቅረታቸውንና የሌላውንም ኑሮ ችግር ለሹማምንቱ አሳየ፤ በዚህም ምክንያት ለሕፃናት መዋያ፥ ለአዋላጆች ትምህርትና ለልጃገረዶች የትምህርት ርዳታ ተገኘ። ሥራው ፎቶቮይስ ተባለ፤ የፎቶግራፍ ድምፅ እንደ ማለት ነው። ዛሬ በብዙ አገር በመጻተኞች ሴቶች መካከል ይሠራበታል።

ወደ ክፍሊቱ እንመለስ። ያገራችን እናት የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው 61 ነው። ልጃቸው ዕጣ ወጥቶላት ሄዳ ዜጋ ከሆነች በኋላ እናትዋን አስመጣች፤ እርሳቸውም የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ከትምህርቱ አስቀድመን ሰላምታ ሰጥተን፥ «እማማ፥ ፎቶግራፍ ማንሣቱን እንዴት አገኙት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጄ፥ ፎቶግራፍ የሚሉትን ስሙን ስሰማ ያመኝ ነበር» አሉን። «ለመምጣት ስነሣ ፎቶግራፌን ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። አንድ ጊዜ ጥላ አለበት አሉ፤ ሁለተኛ ጆሮሽ አልታየም አሉ፤ በሦስተኛው ፎቶ አንሺው ሻሽሽን አውልቂ አለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲያ ራሴን ገልጬ በወንድ ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። አለቀስሁ፤ ግን ልጄን ማየት ስለምፈልግ አወለቅሁ። ያ ፎቶግራፍ ይኸው ዛሬም በመታወቂያዬ ላይ አለ፤ እኔ ግን አላየውም፤ ሌላ ሰው ነው።»

አስተማሪዪቱ መንግሥትን በፎቶግራፍ አምጡ ባለች ጊዜ፥ ሌሎቹ ባንዲራና የፖሊስ መኪና አመጡ። ከግብጽ የመጣችው ሴት ባንድ ቋንቋ ብቻ ማስታወቂያ የተለጠፈበትን የትምህርት ቤት በር አመጣች። እኒህ እናት ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አላመጡም። በሦስተኛው ያመጡት ፎቶግራፍ የመንገድ ማዕዘን ነው። በዚያ ቦታ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ተቆርጦ ወደ መኪናው መንገድ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

«ይህ ምንድር ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፥ «እኔ የልጅ ልጄን በጋሪ እየገፋሁ ትምህርት ቤት አደርሰዋለሁ። በዚህ ስደርስ ጋሪው ሳይነሣ ራሱ ይወርዳል። ይህን ያበጀው ሰው እኔን አያውቀኝም፤ ግን ጋሪ የምትገፋ ሴት ትመጣለች ብሎ አስቦልኛል። መንግሥት ማለት ይህ መሰለኝ» አሉ። ይህን ያሉት ባማርኛ ነው፤ ሌላዪቱ ተማሪ ልጅዋን በስልክ ጠርታ አስተረጎመችላቸው።

አስተማሪዪቱም የነገሩን ሥር ነገረቻቸው። ይህ ተዳፋት በየማዕዘኑ እንዲሠራ ያስገደደው በጁላይ 26 ቀን 1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው። ሕጉም እንዲሁ በቸርነት አልተሰጠም፤ በማርች 1990 መራመድ የማይችሉ ሰዎች ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ወርደው የዋሽንግተኑን ምክር ቤት ደረጃ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳሁ ወጥተው ነበር። ይህን በሰማን ጊዜ የኤሊስ ደሴት ደረጃ ትዝ አለን። በዚያ የሚያነክሰውን ሰው ለመለየት ሐኪም ከላይ ቆሞ ይመለከት ነበር፤ በዚህ የሚያነክሱት ራሳቸው በደረጃው ላይ ሆነው ሕግ አስወጡ።

በሚከተለው ሳምንት እናቲቱ ሁለተኛ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ይህኛው የዚያው መንገድ ማዶ ነው፤ በዚያ ጠርዙ አልተቆረጠም፥ ድንጋዩ ተሰብሮ ውሃ አቁሮአል። እርሳቸውም አምስቱን ጥያቄ ሳይጠብቁ፥ «እዚህ አለ፤ እዚያ ስለ ምን የለም?» አሉ። አስተማሪዪቱ በዚያን ቀን ሌላ ነገር አላስተማረችም። በከተማው ከ2003 ጀምሮ 311 በሚባል የስልክ ቁጥር የሕዝብ አቤቱታ እንደሚሰማ፥ እንግሊዝኛ ለማይችልም ሰው አስተርጓሚ እንደሚቀርብለት ነገረቻቸው፤ እናቲቱም በክፍሊቱ ውስጥ ሆነው ደወሉ፥ ቁጥርም ተሰጣቸው።

እኛ በክፍሊቱ የተገኘነው ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የዕለቱ ጥያቄ በ1791 በጸናው በመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውስጥ ያሉት አምስቱ መብቶች ምንድር ናቸው የሚል ነበር። የሃይማኖት፥ የመናገር፥ የጋዜጣና የመሰብሰብ መብት ተቈጠሩ። አምስተኛው ቃል ፔቲሽን ነው፤ እናቲቱ ይህን ቃል ከብዙ ሳምንት ጀምሮ ሊይዙት አልቻሉም ነበር። አስተማሪዪቱ ወደ እኛ ዘወር ብላ ባገራችሁ ቋንቋ ምን ይባላል አለችን። እኛም፥ «እማማ፥ አቤቱታ ማለት ነው» አልናቸው።

እናቲቱ ዝም ብለው ቆዩና ሣቁ። «ይህማ የኔ ነው» አሉ። «አባቴ በርስት ጉዳይ ሰባት ዓመት አቤት ሲል ኖረ። ስንቅ ይዞ ይሄዳል፤ ጸሐፊ ለምኖ ያስጽፋል፤ ነገ ና ይሉታል። እናቴ ግን ዝም አይነቅዝም ትለን ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ በርሱ ኖርሁ። አባቴ ደግሞ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል። ይኸው በስተርጅና የአባቴን ያዝሁ።» ከዚያም ወደ ግድግዳው ወዳለው ወደ ተሰበረው ጠርዝ ፎቶግራፍ በጣታቸው እያመለከቱ፥ «ፔቲሽን» አሉ። በዚያን ቀን ሦስት ጊዜ ቢጠየቁ ሦስት ጊዜ መለሱ።

በክፍሊቱ ያሉት ሁሉ በዚህ ሥርዓት የተስማሙ አይደሉም። ከባንግላዴሽ የመጣችው ሴት፥ «ፈተናው ፎቶግራፍ አይጠይቅም። እኔ ከሥራዬ ሁለት ሰዓት ለምኜ ነው የምመጣው፤ ጥያቄውን ብቻ አስጠኑኝ» ብላ በግልጽ ተናገረች። ነገርዋ ሐሰት የለበትም። ቀኑ የቀረበባት ሴት 128ቱን ጥያቄ በቃልዋ ማጥናት አለባት፤ ፎቶግራፍ ይህን አይተካም። ስለዚህ አስተማሪዪቱ ሰዓቱን ከሁለት ከፍላ ፊተኛውን ለጥናት፥ ኋለኛውን ለፎቶግራፍ አደረገች። ያችም ሴት በፊተኛው ሰዓት ተምራ ትሄዳለች፤ ማንም አይቀየማትም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በመጻተኞች መካከል ከክፉ ባል የሸሸች ሴት፥ ወረቀትዋም ያልተፈጸመላት ሴት ትኖራለች፤ የእነርሱ መልክ ወይም የቤታቸው በር በፎቶግራፍ ቢታይ ጉዳት ሊያመጣባቸው ይችላል። ስለዚህ በበሩ አጠገብ ሦስት ትእዛዝ ተጽፎአል። ሳያስፈቅዱ የሰውን ፊት አለማንሣት፤ ሕፃንን ያለ ወላጁ ፈቃድ አለማንሣት፤ ፎቶግራፉ የአንሺዋ ነውና በማናቸውም ቀን ከግድግዳው አውርዳ ለመውሰድ እንድትችል። ከኔፓል የመጣችው ሴት እስከ ዛሬ ያነሣችው የገዛ እጅዋን ብቻ ነው፤ ቁልፍ የያዘ እጅ፥ ሕፃን የሚያጥብ እጅ፥ ወረቀት የሚፈርም እጅ። ከዚህ የበለጠ እንድትገልጥ የሚያስገድዳት የለም። ሸርማን በደሴቲቱ ላይ ፎቶግራፍ ሲያነሣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ በግድግዳው ላይ ቢኖር ኖሮ ከሴቶቹ ስንቶቹ እሺ፥ ስንቶቹስ እምቢ ይሉ ነበር እያልን አሰብን።

ትምህርቱ በተፈጸመ ጊዜ የመንገዱን ማዕዘን ለማየት ከእናቲቱ ጋራ ሄድን። ጠርዙ ገና አልተሠራም። እርሳቸው ግን በየማክሰኞው በዚያ እየቆሙ ያንኑ ቦታ ያነሣሉ፤ በስልካቸውም ውስጥ ቀኑ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ይገኛል። «መዝገብ ነው» አሉን። እኛም በሥራችን ስንት አቤቱታ ያለ ማስረጃ ሲወድቅ ያየን ስለ ሆንን፥ መዝገባቸው የተሟላ መሆኑን መሰከርንላቸው። ፈተናቸውም ገና ነው።

ልንሰናበት ስንል፥ «ልጄ፥ ላንሣህ? ትፈቅድልኛለህ?» አሉን። ፈቀድን። ስልኩን አንሥተው አንድ ጊዜ አዩንና፥ «ወዲህ ፈቀቅ በል፤ ጥላ አለብህ» አሉ። እኛም ፈቀቅ አልን። ሰውን ስንመዘግብ ስንኖር፥ በሰው ዓይን ፊት ቆመን እንዲህ ያለ እፍረት ተሰምቶን አያውቅም፤ እፍረቱም ደስ የሚል ነበር።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በየቤታችን ግድግዳ ላይ የእናቶቻችን ፎቶግራፍ ተሰቅሎአል። በውስጡ እናቶቻችን ይታያሉ፤ እነርሱ ያዩት ግን የለበትም። ልጆቻቸው በባዕድ አገር የሚኖሩ ቤተ ሰቦችም ሁልጊዜ «ፎቶግራፍሽን ላኪልን» ይላሉ። ከእንግዲህ ወዲህ «ያየሽውን አንሥተሽ ላኪልን፤ ምን እንደ ሆነም ንገሪን» ማለት ይገባል። ባገራችንም እናቶችን በጎልማሶች ትምህርት የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ሥርዓት ቢሞክሩት ወጪው ጥቂት ነው፤ ዛሬ ስልክ የሌለበት ሠፈር የለም ለማለት ይቻላል። ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእናቶችን ፍርድ ለመስማት የምንፈልግ እንደ ሆነ አስቀድመን ያዩትን እንጠይቃቸው።